ሁላችንም ያጎረስናቸው ችግኞች

የባሌ እናት ከሊሙ ገነት ወደ እኛ የመጡት ወደው አልነበረም። ጓሮ ውስጥ ወድቀው ጉልበታቸው ተጎዳ፤ ሐኪሙም «ከእንግዲህ ብቻቸውን መኖር የለባቸውም» ብሎ እቅጩን ነገረን። ልጃቸው ሄዶ ለመናቸው፣ ተቆጣ፣ በመጨረሻም አለቀሰ። እኔ ያን ሰውዬ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፤ ስንጋባ እንኳ አላለቀሰም፣ ማልቀስ ሲገባው። እሳቸውም እንባውን አይተው «እሺ፣ የቡና ለቀማው እስኪያልቅ እሞክረዋለሁ። ካልሆነልኝ ግን ቤቴ እገባለሁ፤ ያኔ ማንም እንዳይዘኝ» አሉና ሚኒባሱ ላይ ወጡ።

አዮ እንላቸዋለን፤ በኦሮምኛ እናት እንደማለት ነው። ሰው አማት ሲባል ፊቱን ያጠቁራል፤ እኔ ግን ወላሂ እወዳቸዋለሁ። ቤታቸው ስገባ ሽንኩርት እንኳ በወጉ መክተፍ አልችልም ነበር፤ አንድም ቀን አላሳፈሩኝም። ስለዚህ ለቀማው እስኪያልቅ ድረስ አዮ ጅማን እንዲወዱ ማድረግ የኔ ሥራ ሆነ። ካልወደዱ ሊሙ ተመልሰው፣ ያቺ ጭር ያለች ጓሮ ውስጥ እንደገና ሊወድቁ ነው። ማን ያነሳቸዋል?

ቤታችን ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ነው። ግቢው ዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ ነው፤ ባሌ ያስለሰነ ጊዜ ሰፈሩን ሁሉ ጠርቶ ነበር ያሳየው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የስፌት መኪናዬን በረንዳ ላይ ዘርግቼ በሩንም፣ ቧንቧውንም፣ የሚገባ የሚወጣውንም እያየሁ እሰፋለሁ። አዮ ሲመጡ አጠገቤ ጥሩ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ትራስ፣ ከእግራቸው ሥር ምንጣፍ አደረግሁላቸው። እንደ እንቁላል ነው የያዝናቸው። ብድግ ሊሉ ሲሉ «ኧረ አዮ፣ በአላህ ይቀመጡ!» እላለሁ። ጆግ ሲያነሱ እነጥቃቸዋለሁ። ባሌ ከሥራ ሲመለስ ሙዝና አቮካዶ በፌስታል ይዞ ይመጣል። አጥር የምንጋራት ጎረቤቴ ክርስቲያን ናት፤ ሥጋችን ስለማይገጥም በጾሟ ወቅት የሠራችውን ሽሮ በአጥሩ ላይ ታቀብለኛለች፣ «ለእንግዳሽ» እያለች። ከኋላ ያለችውን ክፍል የተከራየችው የባንክ ሠራተኛ እንኳ ከምሳ ስትመለስ ኬክ ይዛ ትመጣለች። አዮም «በልቻለሁ» ይላሉ። እኛም «በሞቴ!» እንላለን። እንግዳ በልቻለሁ ሲል ማን ይሰማዋል? አንዴ እንደምንም ይጎርሳሉ፣ ከዚያ ሁለቱን እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው በሩን ያያሉ።

አንድ ቀን ጠዋት ሲሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ የበቀለች አንዲት አረም አዩ። ጎንበስ ብለው ነቀሏት። አልጣሏትም፤ እየደጋገሙ ሥሯን ሲያዩ፣ ሲያሸቷት ቆዩ። መርፌዬ ቆመ። ያ ረቢ፣ ሴትየዋ አፈር ነው የናፈቃቸው!

እንግዲህ እኔ አንድ ነገር ካሰብኩ አላድርም። ባሌን አዘዝኩት፤ እሱም የቡና ችግኝ የሚፈላባቸውን ጥቁር ፕላስቲኮች፣ የቀለም ባልዲዎች፣ ለሁለት የተሰነጠቁ ጀሪካኖች ሰብስቦ መጣ። ከሥራቸው በጋለ ምስማር በሳቸው። ከገበያ የቲማቲም፣ የቃሪያና የቆስጣ ችግኝ ገዛሁ፤ ዕቃዎቹንም ጣሪያው በማይደርስበት የበረንዳው ጫፍ፣ አጥሩ ሥር ደረደርናቸው። አዮ ትራሱን ጥለው ተነሡ። ወላሂ፣ ያን የተጎዳ ጉልበት ረስተውት ምንጣፉ ላይ ተንበርክከው አፈሩን በጣታቸው ይፈጩት ጀመር። ከሱብሂ ሶላት በኋላ ሁሌ እዚያው ናቸው። ለቡና ችግኝ እንደሚደረገው ከላይ የሣር ጥላ አሠሩላቸው። በኦሮምኛ ያወሯቸዋል፤ ለእኛ የማያወሩትን ሁሉ።

ታዲያ ከትንሽ ጊዜ በኋላ የታች ቅጠሎቻቸው ቢጫ መሆን ጀመሩ። አፈሩ የግንባታ ትርፍ ነው፣ ምን ይኖረዋል? የእርሻ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ሄጄ ፈሳሽ ማዳበሪያ ጠየቅሁ። ሻጯ ጠርሙሱን ከመስጠቷ በፊት ጥሩ አድርጋ አስረዳችኝ። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ለጠና ተክል ነው፣ ለችግኝ ግማሹ ወይም ከዚያም ያነሰ ይበቃል። መጀመሪያ አፈሩን በንጹሕ ውሃ አርጥቢ፣ ደረቅ አፈር ላይ ከፈሰሰ ሥሩን ያቃጥለዋል። ፀሐይ ሳይበረታ፣ ቅጠሉን ሳትነኪ፣ ሥሩ ላይ ብቻ። ዕቃ ውስጥ ያለ ተክል ደግሞ እንደ ማሳው አይደለም፤ የተረፈው የሚሄድበት ስለሌለው እዚያው ይጠራቀማል፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ አይሰጠውም። «ሲበዛ መርዝ ነው» አለችኝ።

ቤት ገብቼ ይህን ሁሉ ለሁሉም ተናገርኩ፤ ድምፄ ደግሞ እስከ ዋናው መንገድ ይሰማል። ጠርሙሱን የወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ፣ ከሁሉም በላይ ሰቀልኩት። በጠዋት ችግኞቹን ውሃ አጠጣሁ፣ ከዚያ ማዳበሪያውን ቀጭን ሻይ እስኪመስል በውሃ አቅጥኜ ለእያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ አፈሰስኩ። እጄን በሳሙና ታጠብኩ። በቃ።

ከቀናት በኋላ አረንጓዴ ሆኑ! የቲማቲሙ አንገት ቀና አለ፣ ቆስጣው ተዘረጋ። አዮ ሳቁ። ከመጡ ጀምሮ እንደዚያ ሲስቁ አልሰማሁም፤ ጥርሳቸው ሁሉ እስኪታይ ነው። ሊሙ አግብታ ለምትኖረው ልጃቸው ስልክ አስደውለው «ቲማቲም አለኝ እኮ!» አሏት፣ ጮክ ብለው፣ ስልኩ የማይሰማቸው ይመስል። ባሌ በሩ ላይ ቆሞ ያያቸዋል፤ ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋለች፤ ተከራይዋ በሞባይሏ ፎቶ ታነሳለች። ያን ሳቅ ሁላችንም አየነው። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ለቀማው እየተጋመሰ ሲሄድ፣ አንድ ጠዋት አዮ «ማል ተኤ?» ሲሉ ሰማሁ። ምን ሆነ ማለታቸው ነው። ድምፃቸው ደስ አላለኝም፤ ጨርቁን ጥዬ ሄድኩ። የቅጠሎቹ ጠርዝ በእሳት እንደተለበለበ ቡናማ ሆኗል። ቃሪያው ቅጠሉን ወደ ውስጥ ጠቅልሎ አንገቱን ደፍቷል፣ አፈሩ ግን እርጥብ ነው። ከላይ ጨው የመሰለ ነጭ ነገር ጋግሯል። በማግሥቱ ባሰበት። ከዚያ ቀጥሎ ሁለት ቲማቲም ጭራሹን ወደቀ።

አዮ አላለቀሱም። እጃቸውን ገልብጠው አዩና «እጄ ሊሙ ቀርቷል፣ ኢንተሎ» አሉኝ። ኢንተሎ፣ ልጄ ሆይ፣ የሚሉኝ ልባቸው ሲሰበር ነው። ከሰዓት ክፍላቸው ስገባ ልብሳቸውን እያጠፉ ነበር። «ለቀማው ሲያልቅ ቤቴ እገባለሁ። የተከልኩት የማይጸድቅበት አገር ምን እሠራለሁ?» አሉ። አፌ የማይዘጋው ሴትዮ ወጥቼ ወጥ ቤት ገባሁና ተነፋረቅሁ።

አልቅሼ ዓይኔን ስጠርግ ጠርሙሱን አየሁት። አውርጄ ስይዘው ቀለለኝ። እኔ የተጠቀምኩት በክዳኑ ለክቼ ነው፤ ጠርሙሱ ግን ከወገቡ በታች ወርዷል! ደሜ ፈላ። እንባዬ በአንድ አፍታ ደረቀ።

እሑድ ጠዋት ሁሉንም በረንዳው ላይ ሰበሰብኳቸው። ጎረቤቴን ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ከነነጠላዋ ጠራኋት። አዮም ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጠርሙሱን መኪናዬ ላይ አስቀምጬ «ይሄን ማን ጠጣው?» አልኩ።

ባሌ ሲዋሽ ጆሮውን ያካል። ያከው ጀመር።

«አንተ!»

«ትንሽ ናት... ወደ ሥራ ስወጣ ጠብ ነው የማደርግላቸው። ለእማዬ ደስ ይበላት ብዬ ነው።»

«በምን በጥብጠህ?»

«መበጥበጥ ያስፈልጋል እንዴ?»

ኧረ በአላህ! ይሄ ሰውዬ ሳይበጠብጥ፣ እንዳለ ነበር ያፈሰሰላቸው። ይባስ ብሎ፣ በየጊዜው ወጥ ቤት እንዳልይዘው ብሎ ለራሱ በባዶ የውሃ ፕላስቲክ ቀንሶ መስኮቱ ላይ አስቀምጦታል። ሄጄ አመጣሁት። አዮ መድኃኒታቸውን የሚውጡበት የውሃ ፕላስቲክ ደግሞ እዚያው መስኮት ላይ ነው፤ ያው ዓይነት፣ ያው ክዳን። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዤ ፊቱ ላይ አደረግሁለት። አልጮህኩም፤ መጮህ አልቻልኩም። ባሌ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ፣ ከዚያ ወደ እናቱ ዞረ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ተነሥቶ ያንን ፕላስቲክ ከነክዳኑ ሰንጥቆ ጣለው፣ እጁን ሦስቴ ታጥቦ መጣ። ያን ቀን ከዚያ በላይ የምቆጣው አልነበረኝም፤ ራሱ ራሱን ጨርሶታል።

ተከራይዋ ቀጠለች። «እትዬ፣ ሼም ነው ግን እኔም አድርጌያለሁ። ማታ ማታ ስገባ። ቪዲዮ ላይ ቅጠሉ ላይ ይረጫል ሲሉ አይቼ... እንደ ቫይታሚን ነው ብዬ።» ለካ የቅጠሉ ነጠብጣብ የሷ ነው።

ጎረቤቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «እኔ የናንተን ጠርሙስ አልነካሁም» አለች፣ ክብሯ እንደተነካ። ደስ አለኝ፤ አንድ ጨዋ ሰው አለ ማለት ነው። «የዶሮዬን ኩስ ዘፍዝፌ በአጥሩ ላይ ነው ስደፋላቸው የከረምኩት። ንጹሕ የቤት ነው። እሳቸው ሲስቁ ጊዜ አንጀቴን በሉት፣ ምን ላድርግ?»

ራሴን ይዤ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ ሲያልፍ ሲያገድም አንዳንድ ጉርሻ ሰጥቷቸዋል። ሻጯ እንዳለችው፣ ፕላስቲክ ውስጥ ያለ ተክል የትም ሄዶ አይተፋው።

ይሄኔ አዮ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ እኔም አለሁበት።»

«እርስዎ ደግሞ ምን አደረጉ?»

«ከመጸዳጃው ጀርባ በርሜል አለ።»

ያ ሽታ! ሰፈሩን ሲያስነጥስ የከረመው! የጎረቤቴ ቦይ ነው ብዬ ሁለቴ አስጠርጌያታለሁ። ለካ አዮ ከሊሙ በሚመጣው ሚኒባስ፣ ከቡና ማጠቢያው የሚወጣውን የእሸት ቡና ልጣጭ በማዳበሪያ ከረጢት አስልከው፣ እዚያ ዘፍዝፈው ውሃውን ለችግኞቻቸው እያጠጡ ነበር። ሊሙ ላይ ልጣጩ ለጠና ቡና ይጣላል፤ ያውም ተከምሮ፣ በስብሶ፣ አፈር ከሆነ በኋላ ነው። ትኩሱ ውሃማ እንኳን ለሕፃን ቲማቲም ለዛፍም አይሆን። እሳቸው ደግሞ ይህን ያውቃሉ።

«እያወቁ አዮ?»

«ቸኮልኩ» አሉ። «ለቀማው ከማለቁ በፊት አበባ እንዲይዙልኝ ፈለግሁ። አበባ ከያዙ መቅረት እችላለሁ ብዬ ለራሴ ተናግሬ ነበር።»

እኛ ሴትየዋ ሊሄዱ ነው ብለን ስንጨነቅ፣ እሳቸው የመቅሪያ ሰበብ ሲፈልጉ ነው የከረሙት።

ጎረቤቴ ቀድማ ሳቀች። ከዚያ ተከራይዋ፣ ከዚያ እኔ፣ እንባዬ እስኪመጣ። አዮም ሳቁና ሳቁና ድንገት አቆሙ። «እኔንም እኮ እንደዚሁ ነው ያደረጋችሁኝ» አሉ።

«እንዴት አዮ?»

«ሳልራብ ታጎርሱኛላችሁ። ውሃ ልቅዳ ስል ትቀሙኛላችሁ። ከወንበር ስነሳ ቤቱ ይናጋል። አንዱ ሙዝ፣ አንዱ ኬክ። ስለምወዳችሁ ዝም አልኩ። ግን እንደ ቃሪያዬ ነው የሆንኩት፣ ከላይ እርጥብ ነኝ፣ ሥሬ ነዷል።» ከዚያ ጣታቸውን በየተራ ወደ እያንዳንዳችን ቀሰሩ። «ከዛሬ ጀምሮ ቢሻን ቆፋ! ውሃ ብቻ! ለእነሱም፣ ለእኔም።»

ባሌ ዓይኑን ወደ ሲሚንቶው ሰበረ፤ እኔ ደግሞ የያዝኩትን ጨርቅ ጠርዝ አጠፍኩ፣ ፈታሁ፣ አጠፍኩ። እውነታቸውን ነው። ሰው ሲነግርህ የሚያምም እውነት አለ፣ ይሄ ከዚያ ነው።

ያንኑ ቀን አዮ አለቃ ሆኑ። ነጩን ቅርፊት በማንኪያ አስፋቁን። ከዚያ ፕላስቲኩንም ባልዲውንም በየተራ በንጹሕ ውሃ፣ ከሥር ጥርት ብሎ እስኪፈስ ድረስ አሳጠቡን፤ የተጠራቀመው ሁሉ በቀዳዳው እንዲወጣ ነው። ቀዳዳው የተደፈነበትን ባልዲ ባሌ እንደገና በሳው። ወደ ጥላው ጠለቅ አድርገን አስገባናቸው። በርሜሉን ባሌ ብቻውን ደፋው፤ አፍንጫውን በሸሚዙ ሸፍኖ፣ ማንም አላገዘውም፣ ይገባዋል። የጎረቤቴ የዶሮ ኩስ ወደ ሙዟ ሥር ተመለሰ። ማዳበሪያው በገዛ ጠርሙሱ፣ ከነጽሑፉ፣ ሣጥን ውስጥ ተቆለፈበት፤ ቁልፉ አዮ አንገት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው ወደ ችግኞቹ ሲጠጋ አዮ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ተከራይዋ አንዴ ፎቶ ልታነሳ ተጠግታ እንኳ ባዶ እጇን አሳይታ ነው ያለፈችው።

ጥቂቶቹ ሞቱ። የቀሩትን ለብዙ ቀን ከውሃ በቀር ምንም አላቀመስናቸውም። መጀመሪያ ቆስጣው ከመሐሉ ንጹሕ ቅጠል አወጣ። ከዚያ ቃሪያው የተጠቀለለውን ትቶ በጎኑ አዲስ ቀንበጥ ላከ። ሲያገግሙ አዮ ራሳቸው ክዳኗን ይዘው፣ እንደ መድኃኒት ለክተው፣ ቀጭን ሻይ አስመስለው፣ በእርጥብ አፈር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰጧቸው። አንዴ። ከዚያ እስኪጠይቁ ድረስ የለም።

ስለ መሄድና ስለ መቅረት ግን አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እኔም አልጠየቅሁም፤ አለመጠየቅ ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀኝ ያውቀዋል። አፌን ነክሼ ነው የከረምኩት።

ከሊሙ የባሌ እህት ደወለች። ለቀማው አልቋል፣ የመጨረሻው ቡና ማድረቂያው አልጋ ላይ ተሰጥቷል። አዮ ስልኩን ሰምተው «አልሐምዱሊላህ» አሉና መለሱልኝ። ሌላ ምንም የለም። ያን ሌሊት ባሌ ሲገላበጥ አደረ፤ እኔም እሱን እየሰማሁ።

ጠዋት በረንዳ ላይ ነን። እኔ ለሰው ሠርግ የሚሆን ቀሚስ እሰፋለሁ፣ ባሌ አጠገቤ ሥራ መሄዱን ረስቶ ተቀምጧል። አዮ ወጡ። ጆጉን አነሱ። ቧንቧው ከግቢው ጥግ፣ ከደረጃው በታች ነው። አንድ እግራቸውን አወረዱ፣ ግድግዳውን ያዙ፣ ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠ።

ባሌ ብድግ አለ። ሸሚዙን ከኋላ ጨምድጄ ያዝኩት። «ቁጭ በል!»

«ትወድቃለች እኮ!»

«ቁጭ በል አልኩህ!»

ቁጭ አለ። የሱ ልብ ሲመታ በሸሚዙ ይሰማኛል፤ የኔ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። በሕይወቴ ብዙ ከባድ ነገር ሠርቻለሁ፣ እንደዚያን ጊዜ መቀመጥ የከበደኝ ግን የለም። አዮ ሁለተኛውን እግር አወረዱ። ደረሱ። ቧንቧውን ከፈቱ፣ መሸከም የሚችሉትን ያህል ቀዱ፣ ዘጉ። ደረጃውን ቀስ ብለው ወጡ፣ አረፉ፣ ቀጠሉ። ቲማቲሞቹ ጋ ጎንበስ ብለው ሥር ሥራቸውን አጠጡ። ከመካከላቸው አንዱ ጫፉ ላይ ቢጫ አበባ ይዟል፤ እሳቸው ለማንም ሳይናገሩ አይተውት የከረሙ መሰለኝ።

ቀና ብለው ሁለታችንንም፣ ወንበራችን ላይ ተጣብቀን ሲያዩን፣ ፊታቸው በራ።

«አንተ» አሉት ልጃቸውን፤ «ሊሙ ስትሄድ መቆፈሪያዬን አምጣልኝ። ቤቱን እህትህ ትግባበት።»

ባሌ ሊነሣ ተንደረደረ። ይህን ጊዜ ሸሚዙን ለቀቅሁለት።